ጀፎረ የጠቀለለው ክፉ ሰው

እኔ ከድሮም ለክፉዎቹ ነው የማደላው። በኮሚክ፣ በሥዕል በሚተረክ መጽሐፍ ውስጥ ማለቴ ነው እንጂ በኑሮማ ክፉ ጎረቤት እንኳ አልችልም። ጀግና የሚባለው ሰው ይሰለቸኛል። ሲጠሩት ይመጣል፣ ደረቱን ነፍቶ ይቆማል፣ ተደባድቦ ይመሰገናል። ቪለኑ፣ ክፉው፣ ግን ሠራተኛ ነው። ያስባል፣ ያቅዳል፣ ሲከሽፍበት አቧራውን አራግፎ እንደገና ይነሳል። ቡታጅራ ውስጥ እንደዚያ የሚሠራ ሰው ቢኖረን ኖሮ የውስጥ ለውስጥ መንገዳችን ገና ድሮ ያልቅ ነበር እያልኩ ደንበኞቼን አስቃለሁ።

ደንበኞቼ የባጃጅ ሾፌሮች ናቸው። መናኸሪያው አጠገብ መለዋወጫ እሸጣለሁ። ከካንዴላውና ከፍሬን ሸራው ጀርባ ኮሚኮቼን የምደረድርበት አንድ መደርደሪያ አለኝ፤ ልጆቼን ካሳደግኩ በኋላ እንኳ አላፈረስኩትም። ሾፌሮቹ ይቺ ሴትዮ ዘይት ስትቀዳም ታነባለች እያሉ ይቀልዱብኛል፤ እውነታቸውን ነው። ያነበብኳቸው ክፉዎች ግን አንዳቸውም የእኛን አገር መሬት ረግጠው አያውቁም ነበር። ከፎቅ ፎቅ ይዘላሉ፣ ባንክ ይሰብራሉ፣ ከተማ በሙሉ ያጨልማሉ። ቡታጅራን ለማጨለም ደግሞ ቪለን አያስፈልግም፤ መብራቱ ራሱ ሲፈልግ ይሄዳል።

ታናሽ እህቴ አዲስ አበባ ነው የምትኖረው። ሠዓሊ ናት፤ ለሱቅና ለምግብ ቤት ማስታወቂያ ትሠራለች። ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ሆና አዲስ ተከታታይ ኮሚክ እያዘጋጀች እንደሆነና ታሪኩም የሚያጠነጥነው በቪለኑ ላይ እንደሆነ ነግራኝ ነበር። ከዚያ በላይ ብለምናትም ብቆጣትም አልተነፈሰችም። አረፋ ሲቃረብ የመጀመሪያውን ቅጽ በአውቶቡስ ላከችልኝ። ረዳቱ አምጥቶ ሲሰጠኝ ወረቀቱ ገና የማተሚያ ቤት ሽታ ነበረው። አንድ ሾፌር ካንዴላ ጠይቆኝ ቆሞ ነበር፤ ራስህ ፈልግ ብዬው ተቀመጥኩ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ገጾች ላይ ሰው አይናገርም። ከዳር እስከ ዳር የተሳለው ጀፎረ ነው። ለማያውቀው ሰው ልንገር፤ ጀፎረ በጉራጌ መንደር መሀል የሚዘረጋ፣ ሣር የለበሰ ሰፊ የጋራ መንገድ ነው። ቤቶቹ በግራና በቀኝ ፊታቸውን ወደ እሱ አዙረው ይቆማሉ። ከብት ይነዳበታል፣ ፈረስ ይጋለብበታል፣ ሠርግ ይጨፈርበታል፣ ለቅሶ ይቀመጡበታል። የማንም ስላልሆነ ማንም አይነካውም። አጥሩን ወደ ጀፎረ የገፋ ሰው ሽማግሌ ፊት ይቀርባል፤ አልመልስም ካለ ለቅሶው ላይ የሚደርስለት ሰው ያጣል። እህቴ ይህን ሁሉ ሣር በአረንጓዴ ብቻ አልሠራችውም፤ ከብት የጋጠው ቦታ ቢጫ ነው፣ ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ቀይ አፈሩ ወጥቷል፣ ራቅ ብሎ ደግሞ ለቀስተኞች ነጭ በነጭ ሆነው ተቀምጠዋል። አባቴ ተወልዶ እስካሁን የሚኖርበትን፣ መስቃን ያለውን መንደራችንን ሽታው ሳይቀር አወቅኩት።

ከዚያ በትንሽ ሳጥን ውስጥ አንድ እግር ይታያል። በሚቀጥለው ሳጥን ዱላ። ሰውየው ከሣሩ ጫፍ ላይ ቁጢጥ ይላል። የጀፎረውን ጠርዝ በሁለት ጣቱ ቆንጠጥ አድርጎ ያነሳና፣ እንግዳ ከሄደ በኋላ ሰሌን እንደሚጠቀለለው፣ መጠቅለል ይጀምራል። ሽርርርርር የሚለው ድምፅ ገጹን ሞልቶ ተጽፏል። ላሞቹም፣ ኳሱም፣ ለቀስተኞቹም አብረው ይጠቀለላሉ። ጨርሶ ብብቱ ሥር ያደርገውና ቀስ ብሎ ይሄዳል። ስሙ ባለ ሰሌኑ ነው። መጨረሻው ገጽ ላይ ጀፎረው የነበረበት ቦታ የለም፤ ፊት ለፊት የነበሩት ቤቶች ተጠጋግተው የአንዱ በር የሌላውን በር ገጭቶ ቆሟል፣ ማንም መውጣት አይችልም።

ሱቄን ዘጋሁ። ወላሂ በጠራራ ፀሐይ፣ በገበያ ቀን ዘጋሁት። ያን ሁሉ ዘመን ካነበብኳቸው ክፉዎች ማንም እንዲህ ያለ ነገር አላሰበም። ወርቅ አልሰረቀም፣ ሰው አልገደለም፤ በሰውና በሰው መሀል ያለውን ቦታ ብቻ ወሰደ። ይህን ክፋት ሊያስብ የሚችል የእኛ አገር ሰው ብቻ ነው፤ ያሰበችው ደግሞ እኔ አዝዬ ያሳደግኳት ልጅ ናት። ኮራሁ። በእርግጥ ጉድለት አላጣሁበትም። ጀግናው ያው እንደ ጀግኖች ሁሉ አሰልቺ ነው፤ የባጃጅ ሾፌር ማድረጓ ጥሩ ነበር፣ ግን የባጃጁን የፊት ሹካ እንዲህ አጣማ ከሳለችው እንኳን ቪለን ሊያባርር ገበያ አይደርስም። ይህንንም ልነግራት ስልኬን አነሳሁ።

ቁጥሯን ሳልነካ ገጹን አንድ ጊዜ ደግሜ አየሁት። ባለ ሰሌኑ ከመሄዱ በፊት ዘወር ብሎ የሚያይበት ሳጥን አለ። ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ ሁለት እጆቹን አንጠልጥሎበታል። ግራ ቅንድቡ ከቀኙ ከፍ ብሏል። ኮፍያውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎታል። አባቴ ነው።

አባቴን ሰው የሚያውቀው በጀፎረ ነው። በድንበር የተጣላ ሁሉ እሱን ያስጠራል። ዱላውን ትከሻው ላይ አድርጎ ሣሩን ከዳር ዳር ይራመዳል፣ ቆም ብሎ ያያል፣ አጥሩ እዚህ ነበር ይላል፤ አጥሩም ወደዚያ ይመለሳል። በዚያው ሰሞን እንኳ ፊት ለፊታችን ያሉት ጎረቤት አዲስ አጥራቸውን ወደ ጀፎረ ገፍተው አጥረው፣ አባቴ መልስ ብሏቸው፣ ከአረፋ በኋላ እመልሳለሁ ብለው ቃል ገብተው ነበር። አሁን ታዲያ የጀፎረ ጠባቂ በገዛ ልጁ እጅ የጀፎረ ሌባ ሆኖ ታትሟል። ጎረቤታችን ይህን ቢያዩ አጥራቸውን ለማን ብለው ይመልሳሉ?

እህቴን ደውዬ ምን ነክቶሽ ነው አልኳት። አወቅሽው እንዴ አለችኝ። ዓይነ ስውር ያውቀዋል አልኳት። ታትሞ ስለወጣ ግን የሚመለስ ነገር አልነበረም። ለአረፋ ቅጹን ይዘሽ እንዳትመጪ ብዬ አስማልኳት፤ እሷም ምላ ባዶ እጇን መጣች። አጎታችንን፣ የአባቴን ታናሽ ወንድም፣ ማናችንም አላሰብነውም።

አጎቴ አዲስ አበባ ነጋዴ ነው፤ አረፋ ሲደርስ መኪናውን ሞልቶ መንደር የሚገባ፣ ድምፁ ከመኪናው ቀድሞ የሚሰማ ሰው። ዋዜማው፣ የሴቶች አረፋ፣ አልፎ እርድ በሚታረድበት በወንዶች አረፋ ቀን ሥጋው ተበልቶ፣ ዱአ ተደርጎ፣ ሰው ሁሉ ጎኑን ወደ ግድግዳው ደገፍ ሲያደርግ፣ አጎቴ ከሻንጣው ኮሚኮቹን አወጣ። የወንድሜ ልጅ መጽሐፍ አሳተመች ብሎ ለራሱ እንኳ ሳይገልጠው ገዝቶት ነው የመጣው። አንዱን ለአባቴ በሁለት እጁ ሰጠው። እህቴ እጄን ያዘችኝ።

አባቴ መነጽሩን አስመጣና ገለጠ። ሁለቱ የጀፎረ ገጾች ላይ ብዙ ቆየ፤ ማሻአላህ አለ ቀስ ብሎ፤ የጎረቤቶቻችንን ቤት እንኳ በጣቱ ነካ ነካ አደረገ። ከዚያ ገጹን ገለበጠ። አጎቴ በትከሻው በኩል ሲያይ ነበርና ቤቱን በሳቅ ሞላው፣ ይሄስ ቁርጥ አንተን ነው፣ አንተን ሌባ አድርጋሃለች አለ። ሰው ሁሉ ሊያይ ተጋፋ። አባቴ አልሳቀም። ኮሚኩን ዘግቶ ምንጣፉ ላይ አኖረና ዱላውን ይዞ ወጣ። አጎቴ ሳቁ አፉ ላይ ደረቀ።

እህቴና እኔ ተከተልነው። ጀፎረው መሀል ቆሞ ነበር። ፊቱን ሳያዞር በጉራጊኛ ተናገረ፤ እዚህ በአማርኛ ልበለው።

"እኔ ፖሊስ አይደለሁም። ጉልበት የለኝም። አጥርህን መልስ ስለው ሰው እሺ የሚለኝ ይሄን ፊት አይቶ ነው። አንቺ ደግሞ እሱኑ ወስደሽ ለሌባ ሰጠሽው።"

እኔ በኮሚክ ክፉው ነው ትልቁ፣ ክብር ነው፣ ምናምን እያልኩ ልሟገት ጀመርኩ። አንቺ ዝም በይ አለኝ። ደግ አደረገ፣ የኔ ወሬ ለሾፌር እንጂ ለእሱ አይሆንም። እህቴ ግን አላለቀሰችም፣ ይቅርታም አልጠየቀችም፤ ያን ቀን ከሥዕሏ በላይ በዚህ ኮራሁባት።

"አባ፣ ጀፎረን የሚጠቀልል ሰው መጀመሪያ ጠርዙን ማግኘት አለበት" አለችው። "የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ የማያውቅ ሰው አያገኘውም። ብዙ ፊት ሞከርኩ። ጎንበስ ብሎ ጠርዙን ሲያነሳ እኔ ራሴ ያመንኩት ያንተን ብቻ ነው።"

አባቴ ሣሩን አየ። ቅንድቡ ልክ እንደ ሥዕሉ ከፍ አለ። ከዚያ የት ወሰደው ብሎ ጠየቃት። ገና አልሳልኩትም፣ ሁለተኛው ቅጽ ላይ ነው አለችው። ለቀስተኞቹስ፣ ውስጡ ናቸው? አዎ፣ ውስጡ ናቸው። አባቴ ራሱን ነቀነቀና፣ እንግዲያው ሐዘን የተቀመጠ ሰው ይዞ ብዙ መቆየት አይችልም፣ ቶሎ መመለስ አለበት አለ። ይሄኔ ነው እንደታረቁ የገባኝ።

ቢሆንም የልቤን ሳልናገር አላልፍም። ክፉ ሰው ሲጸጸት አልወድም፣ ታሪኩ ይበላሻል አልኩ።

"ማን ተጸጸተ?" አለ አባቴ ተቆጥቶ። "ይስረቅ። የሰሌኑ ጌታ እኔ ነኝ። ግን መልሶ ሲዘረጋው ከነስፋቱ ይሁን። አንድ ክንድ ካጎደልሽበት ያን ጊዜ ነው እኔ የማልሆነው።" ዱላውን ትከሻው ላይ አጋደመና እጆቹን አንጠለጠለበት። "ደግሞ እጄን ሰብረሽዋል። ዱላ እንዲህ ነው የሚያዘው። እዪኝና እንደገና ሳዪ።"

እህቴ ሮጣ ገብታ ወረቀትና እርሳስ አምጥታ ሣሩ ላይ ተቀመጠች። አጎቴ ከነእንግዶቹ በር ላይ ወጥቶ ያያል፤ እናቴ ከመሀላቸው ጋቢውን አስተካክል እያለች ትጮሃለች። አባቴ ግን እንደ ጥያ ድንጋይ ቀጥ ብሎ ቆሟል።

በዚህ መሀል እኚያ አጥር የገፉት ጎረቤታችን ለአረፋ ሊጠይቁን መጡ። አሰላሙ አለይኩም ብለው፣ ምን ሆነህ ነው እንዲህ የቆምከው አሉት። አባቴ አንገቱን ሳያነቃንቅ ሰላምታውን መለሰና፣ ከሐጅ የተመለሰ ሰው በሚናገርበት ድምፅ፣ ልጄ የጀፎረ ሌባ አድርጋ እየሳለችኝ ነው፣ መጽሐፌም አዲስ አበባ ይሸጣል አላቸው። ሰውየው ጠጋ ብለው ወረቀቱን አዩ፣ አባቴን አዩ፣ እንደገና ወረቀቱን አዩ። ሌባው አንተ ከሆንክ እኔስ ምን ልባል ነው ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ግን ብዙ አልቆየም፤ ዓይናቸው ወደ አጥራቸው ሄደ። ነገ እመልሰዋለሁ አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ከዚያ ዳር ዳሩን ይዘው ወደ ቤታችን ገቡ።

አባቴ አገጩን ትንሽ ከፍ አደረገ።

"ልጄ፣ ያንን አጥር ሥዕሉ ውስጥ እንዳታስገቢው" አላት። "ነገ እዚያ አይኖርም።"