ሽሪምፖቹና ሻለቃ

ጸጉር ሠሪዋ ከሥራ ስትመለስ ደጃፉ ላይ ጫማዋን ታወልቅና ወንበር እስክታገኝ ድረስ ግድግዳ ይዛ ትሄዳለች። ዕድሜዋን ሙሉ ቆማ የሠራች ሴት ናት። እግሯ ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ያብጣል፣ ጣቶቿ በቀለምና በሻምፑ ተልጠዋል፣ ትከሻዋም የጸጉር ማድረቂያ ፎን እያነሳ መዋል ሰልችቶታል። ከሁሉ የባሰባት ግን ጆሮዋ ነበር። ሴቶቹ ራስ ላይ በሚደፋው ማድረቂያ፣ በካስኩ ሥር ተቀምጠው ጸጉራቸው እስኪደርቅ ድረስ የሆዳቸውን ሁሉ ይዘረግፉላታል፤ ማሽኑ ስለሚጮህ እነሱም እየጮኹ ነው የሚያወሩት። የአንዷን ባል፣ የሌላዋን ምራት፣ የሦስተኛዋን ኩላሊት ተሸክማ ወደ ቤቷ ትገባለች።

ቤት ደግሞ ወንድሟ አለ።

ታላቅ ወንድሟ ጡረታ የወጣ የፋብሪካ መካኒክ ነው። ከማሽን ጩኸት ጋር ሲኖር ጆሮው ስለደከመ ቴሌቪዥኑን ጎረቤት እንዲሰማው አድርጎ ነው የሚከፍተው። ሚስቱ ስትሞትበት ብቻውን መኖር አልሆንልህ ቢለው፣ አንድ ሻንጣ ልብስና አንድ ትልቅ የዓሣ ገንዳ ይዞ እህቱ ዘንድ ገባ። ልብሱ ቁም ሳጥን ውስጥ ገብቶ ተረሳ፤ የመስታወቱ ገንዳ ግን ከነመብራቱ፣ ከነማጣሪያው የሳሎኑን አንድ ግድግዳ ያዘ። ብዙ ዓይነት ትናንሽ ዓሦች አብረው ይኖሩበታል። ከሁሉም የሚገዝፈው ጠፍጣፋ፣ ባለ ጥቁር መስመር ዓሣ "ሻለቃ" ይባላል። ሌሎቹን እየገፋ ሲያልፍ አይታ ስሙን ያወጣችለት ሟች ሚስቱ ነበረች።

እህቲቱ ስለ ዓሦቹ ደንታ አልነበራትም። "ይኸ ውሃ በተንቦጫረቀ ቁጥር እኔን ሽንት ቤት ያመላልሰኛል" ከማለት በቀር አንስታቸው አታውቅም።

አንድ ቀን የቆየች ደንበኛዋ፣ አንዲት አስተማሪ፣ ሥራ ተዛውራ ከከተማው ልትሄድ ሆነ። ለመጨረሻ ጊዜ ጸጉሯን ልትሠራ ስትመጣ አንድ የጃም ጠርሙስ ይዛ መጣች። ውስጡ ውሃና ጥቂት የውሃ ሣር አለ። ሣሩ ላይ የጥፍር ያህል የሚሆኑ ቀያይ ነገሮች ይንቀሳቀሳሉ።

"ሽሪምፕ ናቸው፤ የሚበሉት ዓይነት እንዳይመስሉሽ፣ ከዚህ አያድጉም" አለች አስተማሪዋ። "መንገዱን አይችሉልኝም። ወንድምሽ ገንዳ አለው ስትዪኝ አልነበር?"

ጸጉር ሠሪዋ እምቢ የምትልበት ጉልበት አልነበራትም። ተቀበለች።

ወንድሟ ጠርሙሱን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ አየና "ለሻለቃ እራት አመጣሽለት?" አለ።

"ጋሼ፣ አደራ ነው።"

"ፌንጣ በአደራ ይሰጣል እንዴ?"

አፉ እያሾፈ እጁ ሥራ ጀመረ። ድንገት ሌላ ውሃ ውስጥ ከገቡ ይሞታሉ ብሎ፣ የገንዳውን ውሃ ጠብ ጠብ እያደረገ ወደ ጠርሙሱ ጨመረ። ከዚያ ሐኪም ለእግሯ እብጠት ካዘዘላት ጠበቅ ያለ ረጅም ካልሲ አንዱን ከገመድ ላይ አውርዶ በመቀስ ከረከመው።

"ምን ማድረግህ ነው?!"

"የማጣሪያው አፍ ላይ ላስረው ነዋ። አለዚያ ስቦ ይጨርሳቸዋል።"

"ካልሲዬን?"

"የአንድ እግርሽ አለልሽ አይደል?" አላት፣ ምንም እንዳላጠፋ ሰው።

ሽሪምፖቹ ገንዳው ውስጥ ከገቡ በኋላ ለሳምንታት ጠፉ። ተበልተዋል ብላ ተስፋ ቆርጣ ነበር። አንድ እሑድ ግን ወንድሟ እንቅልፍ ጥሎት፣ ቴሌቪዥኑም ጸጥ ብሎ፣ እሷ እግሯን ዱካ ላይ ሰቅላ ተቀምጣ ሳለ፣ አንዷ ቀይ ከሣሩ ውስጥ ብቅ አለች። በትናንሽ እጆቿ ቅጠሉ ላይ ያለውን እየለቀመች፣ አንዴ በዚህ እጅ፣ አንዴ በዚያ እጅ ወደ አፏ ታደርሳለች። የሚያጣድፋት የለም። ድምፅም የላትም። ጸጉር ሠሪዋ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ አየቻት።

ከዚያ ወዲህ ከሥራ ስትገባ ወንበሯን ገንዳው ፊት መሳብ ለመደች። ቀይዋ ስለ ባሏ አታወራላትም። ኩላሊቴን አትላትም። ሻለቃ ብቅ ሲል ግን ሁሉም ወደ ኋላቸው ተስፈንጥረው ሣር ውስጥ ይገባሉ፤ ቀስ በቀስም ቁጥራቸው እየሳሳ ሄደ።

"ጋሼ፣ ይኸን ዓሣ ለሰው ብትሰጠውስ?" አለችው አንድ ማታ።

የቴሌቪዥኑን ድምፅ ጨመረ። ወይ አልሰማትም፣ ወይ መልሱ ያ ነበር። እሷም የማን ዓሣ እንደነበረ ትዝ ሲላት ነገሩን በተናገረችው ተጸጸተች።

የሠርግ ወቅት መጣ። አንድ ቅዳሜ፣ አንዲት ሙሽራ ጸጉሯ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ መስታወት ፊት አለቀሰች። የሙሽራዋ እናት ቤት ሙሉ ሰው በተሰበሰበበት "እጅሽ ደክሟል! ከደከመሽ ለምን ቤትሽ አትቀመጪም?" ብላ ጮኸችባት። የጸጉር ቤቱ ባለቤት እንደማባበል አድርጋ ይቅርታ ጠየቀች፤ ሙሽራዋንና እናቷን። ጸጉር ሠሪዋን ቀና ብላም አላየቻት። እሷም ጸጉሩን ፈትታ እንደገና ሠራችው፤ ሁለተኛውም ከመጀመሪያው የተለየ አልነበረም፤ ሙሽራዋ ግን ደስ ብሏት ሄደች።

ቤቷ ገብታ ገንዳው ፊት ተቀመጠች። ጠጠሩ ላይ ቀይዋ ወድቃለች። እግሯም ጢሟም እንዳለ ነው፤ ቀለሟ ግን ከላይዋ ሄዶ መስታወት መስላለች። ጸጉር ሠሪዋ አፏን በእጇ ይዛ ማልቀስ ጀመረች።

ወንድሟ ከመታጠቢያ ቤት ፎጣ እንደያዘ ወጣ። "ምን ሆነሽ?"

"ሞተች።"

"ማን?" ከዘመድ አንዷ መስላው ክው አለ።

"ቀይዋ።"

እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ውሃው ውስጥ ሰደደና አወጣት። መዳፉ ላይ አድርጎ አገላብጦ አያት፤ ከዚያ ሳቀ። "ባዶ ቅርፊት ነው እኮ እቴ! ልብሷን አውልቃ ነው። ሲጠባት ትጥለዋለች። አዲሱ እስኪጠነክርላት ደግሞ ሣር ሥር ትደበቃለች፤ አሁን ገላዋ ለስላሳ ስለሆነ የነካት ሁሉ ይጎዳታል።"

እህቱ አልሳቀችም።

"እኔስ የት ልደበቅ፣ ጋሼ?"

ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። እሱ ግን ሰማ። ሄዶ ቴሌቪዥኑን ዘጋውና አጠገቧ ተቀመጠ። ስለ ሙሽራዋ፣ ስለ እናትየዋ፣ ቀና ብላ ስላላየቻት ባለቤት ነገረችው። ይኸ ብቻም አይደለም፤ ከዚያ በፊት ስለነበረው ዓመትና ከዚያም በፊት ስለነበረው ሁሉ ነገረችው። ምክር አልሰጣትም። ስትጨርስ ተነሥቶ እንቁላል ጠበሰ፤ አሳረረው፤ በሉት።

በማግስቱ እሑድ ረፋድ ላይ ከእንቅልፏ ስትነሣ ገንዳው ሰፍቶ ታያት። ሻለቃ የለም። ወንድሟ ባዶ ባልዲ አጠገቡ አድርጎ በመስኮት ወደ ውጭ ያያል።

"ሻለቃስ?"

"ተዛወረ። መንገዱ ጥግ ያለው ጸጉር አስተካካይ ትልቅ ገንዳ አለው፤ ወስጄ ሰጠሁት።"

"ጋሼ፣ የእሷ እኮ ነበር..."

"ዝም በይ አንቺ" አለ ሳይዞር። "እሷ ብትኖር መጀመሪያ ባልዲውን የምታነሣው እሷ ነበረች።"

ጀርባውን ስታየው የእሷ ድካም እሱ ላይ የተጋባ መሰላት። ሻይ አፍልታ አጠገቡ አስቀመጠችለት።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ቀይዋ ከሆዷ ሥር ከሰሊጥ ያነሱ እንቁላሎች ይዛ ታየች፤ በእግሮቿ ሳታቋርጥ ታራግባቸዋለች። "እሷም ቆማ ነው የምትውለው" አለች ጸጉር ሠሪዋ። ሲፈለፈሉ አቧራ ይመስሉ ነበር። ትናንሾቹ ዓሦች ብዙዎቹን ለቀሙ፤ ሣሩ ውስጥ የገቡት ተረፉ። ስም እናውጣላቸው ስትለው ወንድሟ "ተይ፣ ስም ያለውን ነገር ማጣት ከባድ ነው" አላት።

ጸጉር ሠሪዋም አንድ ቀን ጨክና የጸጉር ቤቱን ባለቤት ሁለት ነገር ጠየቀች፤ ሰኞ ሰኞ ከሰዓት በኋላ እንድታርፍና ቁጭ ብላ የምትሠራበት ከፍ ያለ ዱካ እንዲገዛላት። "ሁላችንም ደክሞናል እኮ" አለች ባለቤቲቱ። እንዳትለቅባት ስለፈራች ግን ሰኞን ፈቀደች። ዱካውን "ደንበኛ ምን ይላል?" ብላ ከለከለቻት።

ሰኞ ከሰዓት ገንዳው ፊት ተቀምጣ ትተኛለች። ወንድሟ ያን ጊዜ "ጸጉሬን ልስተካከል" ብሎ ይወጣል። ራሱ ላይ የሚቆረጥ ጸጉር እንደሌለ ሁለቱም ያውቃሉ። "ሂድ፣ ሰላም በልልኝ" ትለዋለች ዓይኗን ሳትገልጥ።

ማክሰኞ ያው ነው። እግሯ ያብጣል፣ ካስኩ ይጮኻል፣ ሴቶቹም ይጮኻሉ። ድካሙ አልለቀቃትም፤ የሚለቃትም አይመስላትም። ማታ ስትገባ ግን ወንድሟ "ዛሬስ ማን ለፈለፈብሽ?" ይላታል። ገና ጫማዋን ሳታወልቅ ትጀምርለታለች። ግማሹን አይሰማም፤ በግማሹ ይስቃል።