ኳስ አስዘግቶ የታየው የራሄል ዜና

ዛሬ ሮማናት አደባባይ ባለው ካፌያችን ኳስ ተዘግቶ ዜና ተከፈተ! መቐለን የሚያውቅ ያምነኝ እንደሆነ እንጃ።

አዲሱ የእንግሊዝኛ ዓለም አቀፍ የዜና ጣቢያ ሥራ ሲጀምር፣ አንባቢዋ አደይ፣ ማለትም እማማ፣ የምንላቸው የጎረቤቴ የለተብርሃን ልጅ ራሄል ናት። እንግሊዝኛውን ታንበለብለዋለች!

አደይ ለተብርሃን ክንዴን ያዙ። «ወደይ፣ የኔ ልጅ፣ የማታ ተማሪ ነኝ እያልክ ሰፈሩን አሰልችተሃል። ልጄ ምን እያለች ነው?»

ቋንቋው ገና ነው፤ በፊደሉ ግን ማን ይችለኛል! ቴሌቪዥኑ ላይ ከምስሏ ስር የተጻፈውን ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፦ «ራሄል ገብረመድህን።»

«የሟቹ ባለቤቴ ስምም አለበት?»

«አለበት እንጂ! ዓለም ሁሉ እያየው ነው!»

እልልታቸውን ካፌው በሙሉ ተቀበላቸው። ኳሱን የጠየቀ የለም።

እናንተስ፣ የአባታችሁን ስም ያልጠበቃችሁት ቦታ ተጽፎ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጻፉልኝ፤ ሁሉንም ራሴ አነብባለሁ!