በስተግራ የቀረው ባዶ ቦታ

የቤታችንን የፎቶ አልበም ያየ ሰው ሁሉ ይስቅብናል። ይሳቅ! እኔም ስቄያለሁ። ሁላችንም ወደ ቀኝ ተጠጋግተን ቆመናል፤ ከራሳችን በላይ ባዶ፣ በስተግራችን ባዶ። አንሺው አባዬ ነዋ። ሃያ ስምንት ዓመት የአንድ ወርሃዊ መጽሔት ሽፋን ሲሠራ ዓይኑ እንደዚያው ሆኖ ቀረ፤ ላዩ ለመጽሔቱ ስም፣ ግራው ለርዕሶች። «ጠጋ በሉ፣ አሁንም ጠጋ!» እያለ ግራውን ያስለቅቀናል። እማዬ ትቆጣለች፤ «ደግሞ ለማን ነው ቦታ የምትይዘው? እንግዳ ይመጣል እንዴ?»

ምክንያት ነበረው። ልጅ ሆኜ የሰፈራችን ጋዜጣ ሻጭ ዘንድ ወስዶ አሳይቶኛል። መጽሔቶቹ በጠባብ መደርደሪያ ላይ አንዱ ባንዱ ላይ ስለሚነባበሩ የሚታየው የግራ ጠርዛቸው ብቻ ነው። «እዚህች አራት ጣት ላይ ካልጻፍሽ፣ አልጻፍሽም» አለኝ። ለሥራ ባልደረቦቹም ይህችኑ እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ ያስደግማቸው ነበር።

እማዬን ሆድ የሚያስብሳት ግን ሌላ ነገር ነበር። ዘፋኟ፣ ሯጯ፣ የባንክ ሥራ አስኪያጇ፣ ሁሉም ሽፋን ላይ ወጡ። እሷም ገና ሙሽራ ሳለች «እኔንስ?» ብላው ነበር አሉ። «የቤት ሰው አይወጣም፤ ሰው ምን ይለኛል?» አላት። ሳቀች፤ ግን አልረሳችውም። በየወሩ አዲሱ እትም ሲመጣ ቀድማ ታነሳና «እቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት?» ትላለች። ያኔ አንጀቴን ትበላዋለች።

መጽሔቱ ሊዘጋ የመጨረሻው እትም ሲዘጋጅ፣ ለሽፋኑ የታሰበችው ተዋናይት በመጨረሻዋ ሰዓት አልፈልግም አለች። ዋና አዘጋጁ «ባለህ ነገር ጨርሰው፤ ከእንግዲህ ማን ይቆጣናል?» አለው። አባዬ ቤት መጣና አልበሙን ብብቱ ሥር ወሽቆ ወጣ።

እትሙ በወጣ ቀን እማዬን እጇን ይዞ ወደ ጋዜጣ ሻጩ ወሰዳት፤ እኔም ተከተልኳቸው። ሸሚዙን ተኩሶ ሽክ ብሏል። እማዬ መደርደሪያውን ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ምኑን ነው የማየው?»

የሚታዩት ነጫጭ ጠርዞች ብቻ ናቸው፤ ፊደል የሚባል የለባቸውም። ወይ ጉድ! ስንቱን ሲያስተምር የኖረ ሰውዬ ግራውን ባዶ ትቶታል።

አባዬን ላብ አጠመቀው። አንዱን መዝዞ ሰጣት። የሃያ ሁለት ዓመቷ እማዬ በነጭ ግድግዳ ፊት ቆማ፣ ፀሐይ ዓይኗን እየወጋት ትስቃለች። ከራሷ በላይ የመጽሔቱ ስም ልክክ ብሎ ገብቷል። እማዬ ባዶውን በጣቷ ዳሰሰችው።

«ይኼን ሁሉ ዘመን ቦታ ስትይዝ ኖረህ፣ ምነው ባዶውን ተውከው?»

«ሦስት ቀን ሞከርኩ» አለ አንገቱን ደፍቶ። «ላንቺ የሚሆን ርዕስ አጣሁ።»

«‹ባለቤቴ› ብትል ምን ነበረበት?»

ሻጩ ሳቁን ዋጥ አድርጎ እስክሪብቶ አቀበለው። አባዬ መደርደሪያውን ተደግፎ ባዶው ላይ ጻፈው።

ያቺ እትም ዛሬም ሳሎናችን ውስጥ ተሰቅላለች። ሁለቱም አሁን የሉም። ናፍቆታቸው ሲበረታብኝ ፊቷን አየዋለሁ፤ ቆሜ የማነበው ግን ግራውን ነው።