ረምዚያና አማቷ ከምድር በታች

ረምዚያ ሞያሌ ውስጥ፣ በኬንያው በኩል፣ ወደ ኬላው በሚወስደው አስፋልት ዳር ጨርቅ ትሸጣለች። ባሏ መሐዲ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው። እናቱ ማማ ዓምበሮ ዓይናቸው በሞራ ሲጋረድ ከዳበል መንደር ወደ ልጃቸው ቤት ገቡ። ብቻቸውን ቤት መተው ስለማይሆን ረምዚያ በየቀኑ ሱቅ ይዛቸው ትመጣለች።

ሁለቱ ብዙም አይነጋገሩም ነበር። ማማ ዓምበሮ ለልጃቸው ያሰቧት ሙሽራ ሌላ ነበረች፤ ይህንንም ረምዚያ ታውቃለች።

"ሻይ ልጨምርልዎት?"

"በቃኝ።"



ናይሮቢ ስልክ የሚሸጠው ወንድሟ ሻሪፍ በእጅ የሚያዝ የጌም ማጫወቻ ላከላት። ውስጡ አንድ ጌም ብቻ ነበር። አራት ጓደኛሞች ከምድር በታች የተቀበረ ከተማ ውስጥ ደረጃ በደረጃ እየወረዱ ከአውሬ ጋር ይዋጋሉ፤ አንዱ ጎራዴ ይዟል፣ አንዱ ቀስተኛ ነው፣ አንዱ ቁልፍ የሚሰብር ሌባ፣ አራተኛዋ ቁስል የምታድን ሴት ናት። ከቀትር በኋላ ገበያው ሲቀዘቅዝ ረምዚያ ትጫወታለች።

"ያ የሚያጓራው ምንድን ነው?" አሉ አንድ ቀን ማማ ዓምበሮ።

"ጌም ነው፣ እማ። ጅብ የሚመስሉ ነገሮች መጡብኝ።"

"ሰዎችሽ የት ናቸው?"

"ሜዳ ላይ።"

"ከኋላቸው በር የለም? ጠባብ በር ካለ እዚያ ይቁሙና አንድ በአንድ ይምጡላቸዋ!"

ረምዚያ ሰዎቿን ወደ በሩ መለሰች። አሸነፈች።

ከዚያን ቀን ወዲህ የምታየውን ሁሉ ትነግራቸው ጀመር። ማማ ዓምበሮ በአማርኛ ጀምረው በኦሮምኛ እየጨረሱ ይጠይቋታል። ውሃ አለ? ጣራው ምን ያህል ከፍ ይላል? ሴቲቱን ለምን ከፊት አስቀደምሻት? ሰዎቹ ደክመዋል ስትላቸው፣ "የደከመ ከብት አይነዳም፤ ይረፉ" ይላሉ። ረምዚያ ታሳርፋለች።

አንድ ከሰዓት ቀስተኛውን መርዝ ገደለው።

"አይዞዎት፣ እማ። ከምድር በላይ ቤተ መቅደስ አለ፤ ከወሰድነው ያስነሱታል።"

"ማነው የሚያስነሳው?"

"ካህናቱ።"

"አስተግፊሩላህ! ሙት የሚያስነሳ አላህ ብቻ ነው። ተይው፣ ይረፍ።"

"ጌም እኮ ነው።"

"ቢሆንስ?"

ያለ ቀስተኛ መውረድ እንዴት እንደሚከብድ ረምዚያ አሳምራ ታውቃለች። ግን ተወችው። የዚያን ዕለት ከዚያ በላይ አልተጫወቱም። ከዚያ ወዲያ በሦስቱ ብቻ፣ ቀስ ብለው ወረዱ።

በኋላ የዓይን ሐኪሞች ከተማው መጥተዋል ተባለ። ረምዚያ በቦዳ ቦዳ ሞተር ብስክሌት፣ ከኋላ ደግፋ፣ አማቷን ወሰደቻቸው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ፋሻው ሲነሳ መጀመሪያ ያዩት እሷን ነበር። ለረጅም ጊዜ አዩዋት።

"ቀጭን ነሽ ለካ" አሉ። "ድምፅሽ እኮ የወፍራም ሴት ነው።"

ተሳሳቁ። ወዲያው ማማ ዓምበሮ ሰዎቹን አሳዪኝ አሉ። ረምዚያ ጌሙን ከፍታ ሰጠቻቸው።

"ጎራዴ ያዡ የቱ ነው?"

"ይሄ፣ ቀዩ።"

"ይሄ? ጉንዳን የሚያክለው?" ጠጋ አድርገው አዩት፤ ደግሞ አራቁት። "እኔ የማየው የሟች ወንድሜን ቁመት የሚያክል ሰው ነበር።" ማጫወቻውን መለሱላት።

ካዩ በኋላ ማማ ዓምበሮን ማን ይያዛቸው! ጎረቤት ይጠይቃሉ፣ ገበያ ይወጣሉ፣ ኦዳ ድረስ ዘመድ ለማየት ይሄዳሉ። ሱቁን ተዉት። ረምዚያ እፎይ እላለሁ ብላ ነበር። ግን የከርሰ ምድሩ ንጉሥ ያለበት መጨረሻው በር ላይ ስትደርስ ጌሙን አጠፋችው። አንድ ጊዜማ "በስተግራ ውሃ አለ" ስትል ጨርቅ ልትገዛ የገባች ሴት ዞር ብላ አየቻት።

አንድ ቀን ከዐሱር ሶላት በኋላ ማማ ዓምበሮ መጡ። ወንበራቸውን ወደ አስፋልቱ አዙረው፣ ለጌሙ ጀርባቸውን ሰጥተው ተቀመጡ።

"የት ደረሱ?"

"በሩ ላይ ናቸው።"

"እስካሁን?"

"ያለ እርስዎ አልገባሁም።"

ማማ ዓምበሮ ሻሻቸውን አስተካከሉ። "እንግዲህ ንገሪኝ። እኔ መንገዱን ነው የማየው።"

ገቡ። ተሸነፉ። እንደገና ገቡ፣ እንደገና ተሸነፉ። ሴቲቱን ከኋላ ደብቀው፣ ሌባውን በጎን ልከው ሲሞክሩ የከርሰ ምድሩ ንጉሥ ወደቀ። ማማ ዓምበሮ እጃቸውን አንስተው እልል ሲሉ የሚያልፍ ቦዳ ቦዳ የተጠራ መስሎት ቆመ።

ለዘመድ ሰርግ ዳበል በሄዱ ጊዜ ማማ ዓምበሮ ሴቶቹን ሰብስበው ታሪኩን አወሩ። ረምዚያም ከአድማጮቹ መሐል ተቀምጣለች። በአማቷ አፍ የንጉሡ አዳራሽ ሰፍቷል፣ የከርሰ ምድሩ ንጉሥም ሁለት ሆኗል። ጌም የሚል ቃል አልተነሳም። አንዲት ሴት አላምን ብላ አጉረመረመች።

"ይህችን ልጄን ጠይቋት" አሉ ማማ ዓምበሮ። "አብራኝ ነበረች።"

ሁሉም ወደ ረምዚያ ዞሩ።

"አዎ" አለች። "ሁለት ነበሩ።"