የይርጋ ክንድና በመስቀል ፊት የማልሁት ውሸት

ይህን ለሚስቴ ነግሬያት አላውቅም። ለንስሐ አባቴም የነገርኋቸው ገሚሱን ነው። የይርጋን ክንድ የሰበርሁት እኔ ነኝ፤ ይህንማ መካነ ኢየሱስ ከተማ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። የማይታወቀው፣ ስሰብረው ምን አውቅ እንደነበር ነው።

ይርጋ የወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ነው። ከዚያ በፊት የጎልማሶች አስተማሪ ነበር፤ ፊደል ያስቆጠረኝ እሱ ነው። ጢሜ ሸብቶ ሰሌዳ ፊት ቆሜ አንዲት መስመር ማንበብ ሲያቅተኝ፣ «አያ ታከለ፣ በሬዎን ባስተምረው እስካሁን ያነብልኝ ነበር!» አለ። ክፍሉ ሳቀ። አብራኝ የምትማረው ሚስቴም ሳቀች። እሱ በማግስቱ ረሳው። እኔ ግን ይዤው ኖርሁ።

ኋላ የአባቴ የገብስ ማሳ በጽሕፈት ቤቱ ኮምፒዩተር ውስጥ በጎረቤቴ ስም ተዛውሮ ተገኘ። ልጠይቅ ስሄድ ይርጋ ለምሳ ወጥቷል። እመቤት የምትባል ከደብረ ታቦር የመጣች የኮምፒዩተር ባለሙያ የይርጋን ማሽን ትፈትሻለች። ስክሪኑ ላይ ጥቁር መስኮት ከፍታ አንዲት ትእዛዝ ጻፈች፤ «ክሊስት» ትላታለች። ማሽኑ የሚስጥር ቃሉን ጽፎ ለገባ ሰው የይለፍ ትኬት ይሰጣል አሉ፤ ያች ትእዛዝ ትኬቱ በማን ስም እንደተሰጠና መቼ እንደሚያበቃ ታሳያለች።

«የማን ስም ነው?» አልኋት።

«የይርጋ።»

«ያዝሁት! መሬቴን የበላው እሱ ነው!»

«ኧረ አባባ! ይኸ የዛሬ ጠዋት ትኬት ነው፤ ማታ ይሞታል። መሬትዎ የተዛወረው ደግሞ ድሮ ነው። ያኔ ማን እንደገባ ይኸ አይናገርም። ይጠብቁኝ፣ ሌላ ቦታ እፈልግልዎታለሁ።»

ሰማኋት። ገባኝም። ታዲያ ለምን አልጠበቅሁም? እውነቱን ፈልጌ ቢሆን እጠብቅ ነበር። እኔ የፈለግሁት ሰበብ ነበር።

ዱላዬን ይዤ ወጣሁ። መናኸሪያው አጠገብ አገኘሁት። «እንዴት ዋሉ አያ ታከለ?» አለኝ። በዱላ መለስሁለት። ጭንቅላቱን ልመታ ስል በክንዱ ጋረደ፤ አጥንቱ ቀጭ ሲል ሰማሁ። ወደቀ። የወደቀ ሰው መታሁ። ደም እየተፋም አንቱ ይለኛል፦ «ምን አደረግሁዎት?» እኔ «መሬቴን!» እያልሁ እጮኻለሁ፤ ሆዴ ውስጥ የሚጮኸው ግን የዚያ ክፍል ሳቅ ነበር። ሰዎች ባይጎትቱኝ እገድለው ነበር።

ማሳውን ያዛወረው ሌላ ሠራተኛ መሆኑ ሳይውል ሳያድር ታወቀ። ሽማግሌዎች ለዕርቅ ተቀመጡ። «እሱ ላይሆን ይችላል ያለህ ሰው ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል። «ማንም አላለኝም። ማሽኑ ስሙን አወጣ፤ እኔ ገበሬ፣ ምን አውቃለሁ?» ብዬ ማልሁ። እመቤት ወደ ደብረ ታቦር ተመልሳለች፤ የሚጠይቃት የለም። ድንጋይ ተሸክሜ እግሩ ሥር ወደቅሁ። ይርጋ በደኅና እጁ አነሣኝና «ባለማወቅ ነው፤ ይቅር ብያለሁ» አለ።

ሽማግሌዎቹ አለቀሱ። እኔም አለቀስሁ። ያ ዕንባ ምን ነበር? እፎይታ ነበር፤ ሌላ አይምሰላችሁ።

ክንዱ እስከ ዛሬ አይዘረጋም። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ዛሬም ጎንበስ ብሎ ሰላም ይለኛል።

ይርጋ፣ አውቄ ነው። ልጅቷ ነግራኛለች። ያን ቀን ይቅር ያልኸው የማያውቅ ሰው ነው፤ እኔ እሱ አይደለሁም። ይቅርታህን መልሰህ ውሰድ።