ንጉሥ ቢገባ አትነሺ

ወገቤን የያዘኝ ደባርቅ፣ እቤቴ ደጃፍ፣ ባልዲ ውኃ ላነሣ ጎንበስ ባልኩበት ነው። ከዚያ ወዲያ ሦስት ወር ሙሉ የሁለት ዓመት ልጄን አላዘልኳትም። ሐኪሙ አጥንቴ አለመሰበሩን አይቶ ኪኒን ሰጠኝ፤ ኪኒኑ እንቅልፍ እንጂ ሌላ አላመጣልኝም። ልጄ መጀመሪያ ቀሚሴን እየጎተተች «እዘይኝ» ትል ነበር። ኋላ ተወችው። ያስፈራኝ መተዋ ነው።

ዳባት አንዲት አሮጊት ወጌሻ አሉ ተባልኩና ሄድኩ። ቁርበት ላይ በሆዴ አስተኝተው፣ ቅቤ አሙቀው፣ አከርካሪዬን በአውራ ጣታቸው አንድ በአንድ እየዳሰሱ ወረዱ። ከዚያ በጎኔ አዙረው ጉልበቴን ገፋ፣ ትከሻዬን ሳብ ሲያደርጉ ወገቤ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ አለ።

«በይ ተኚ። እኔ ሳልልሽ፣ ንጉሥ ቢገባ አትነሺ» አሉኝ።

ጭጋጉ በበሩ እየገባ ከምድጃው ጭስ ጋር ይቀላቀላል። ከገብሱ ማሳ ማዶ በጎች ይጮኻሉ። ሰውነቴ የእኔ አልመስል አለኝ። በእንቅልፍና በንቃት መሃል ልጄን አዝዬ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ስወርድ አየሁ፤ ክብደት አልነበራትም።

በሩ ጨለም አለ። ጎረቤት ያሉ ሽማግሌ ቄስ መስቀላቸውን ይዘው ገቡ። እኔም ሳላስበው «ኖር» ብዬ ብድግ። ወገቤ ቀስፎ ያዘኝና ተመልሼ ወደቅሁ።

ወጌሻዋ ተናደዱም፣ ሣቁም። «አዬ ልጄ፣ አስተዳደግሽ ገደለሽ። ዛሬን እንኳ ባለጌ ብትሆኚ ምናለ?»

እንደገና አሹኝ። ቄሱ ግን በጣም አዝነው ወጡና በካፊያው ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። መጪውን ሁሉ «አትግቡ፤ ለሰው የምትነሣ ልጅ ተኝታለች፣ ኋላ ኑ» እያሉ ሲመልሱ ይሰማኛል። ድምፃቸውን እየሰማሁ እንቅልፍ ወሰደኝ።

በማግስቱ ቤቴ ገባሁ። ሕመሙ ጨርሶ ባይተወኝም ጎንበስ ማለት ችያለሁ። መስኮቱ ሥር በርከክ ብዬ ጀርባዬን ለልጄ ሰጠኋትና «ነይ ልዘልሽ» አልኳት።

«ያምሻል» አለች።

እንባዬ መጣ። «ዛሬ አያመኝም» አልኳት።

ቀስ ብላ መጥታ አንገቴን አቀፈች። ቀና ስል እንደዚያ እንደ ሕልሙ ክብደት አጣሁባት። ዞር ብዬ ባይ፣ እንዳትከብደኝ በአንድ እጇ የመስኮቱን ብረት ጨብጣ ይዛለች።