ቀበሌ የወለደው አይቆጠርም

ሒሳብ የጎበዞች ነው ይባላል። አይደለም፤ የሰነፎች ነው። ጎበዝ ሰው አንድ ነገር ማወቅ ሲፈልግ ይነሳል፣ ይዞራል፣ ይጠይቃል፣ ይቆጥራል። ሒሳብን የፈጠረው ከተቀመጠበት ሳይነሳ መልሱን ማግኘት የፈለገ ሰው መሆን አለበት። በቤተሰባችን ውስጥ በስንፍና የሚስተካከለኝ የለም፤ ሒሳብ የምወደውም እኔ ብቻ ነበርኩ።

ታናሽ እህቴ ግን ታታሪ ናት። አየር ጤና ላይ ልብስ ትሰፋለች። ዘጠነኛ ክፍል ላይ ያቋረጠችውን ትምህርት በአርባ ዓመቷ እንደገና ጀምራ፣ ዘነበወርቅ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ቅዳሜና እሁድ እየተማረች አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሳለች። ታዲያ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ዓለም ባንክ ሰፈር ያለው ቤቴ መጥታ ሳትቀመጥ፣

«ተነስ፣ አብረኸኝ ሂድ» አለችኝ። «ስሜን ላሰርዝ ነው። ብቻዬን ያሳፍረኛል።»

የሒሳብ ፈተና ተመልሶላት ነበር። ከሃያው ያገኘችው አራት ብቻ ነው።

ታክሲ ውስጥ ከኋላ ተቀመጥን። «ሒሳብ ለእኔ አልተፈጠረም» አለችኝ። ይህችን ሴት አውቃታለሁ። ሌላው ሰፊ አራት ሜትር ካልመጣ አልቆርጥም የሚለውን ቀሚስ ጨርቁን አዙራ፣ እጅጌውን ከአንገቱ ቅድ በሚተርፈው ቦታ ላይ አስገብታ፣ ከሦስት ሜትር ታወጣዋለች። ይህን ብነግራት «እሱ ልብስ ነው፣ ሒሳብ አይደለም» እንደምትለኝም አውቃለሁ፤ ብዙ ጊዜ ብላኛለች። ስለዚህ ክርክሩን ትቼ ውርርድ አመጣሁ።

«እዚህ ታክሲ ውስጥ ወሩ ይለያይ እንጂ በአንድ ቀን የተወለዱ ሁለት ሰዎች አሉ። ሁለቱም በአሥር፣ ወይም ሁለቱም በሃያ። ካሉ ስምሽን አታሰርዢም።»

«ከሌሉስ?»

«ሁለተኛ ስለ ሒሳብ ትንፍሽ አልልብሽም።»

ፊቷ በራ። ሃያ ዓመት ሙሉ ስትመኘው የኖረችው ነገር ነው። ተሳፋሪውን በጣቷ ቆጠረች። «አሥራ ሁለት ነን። ወሩ ሠላሳ ቀን ነው። ግማሹን እንኳ አንሞላም። ተበላህ!»

እኔ በልቤ ስስቅ ነበር። አሥራ ሁለት ሰው ካለ ከመቶ ዘጠና ሁለት እጁ የማሸነፍ ዕድል የእኔ ነው። አየር ጤና ስንደርስ መንገዱ ተዘጋግቶ ስለቆምን ለምርመራው ጊዜ ተገኘ። ብድግ አለችና፣ «ወገኖቼ፣ ይቅርታ፣ በስንት ቀን ነው የተወለዳችሁት?» አለች።

«ከቀበሌ ነሽ?» አለ አንዱ።

«ውርርድ ነው። ወንድሜ ሊያዋርደኝ ነው።»

ከዚያ ወዲያ ታክሲው በሙሉ ከእሷ ጋር ወገነ። ፊት ለፊታችን የተቀመጡት እናት «በማርያም፣ ሃያ አንድ» አሉ። ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ያደረገችው ልጅ አሥራ አራት። እጁ ዘይት የነካው የጋራዥ ሠራተኛ ሃያ ሦስት። ነጭ ጋውን በክንዷ የያዘች ነርስ ስምንት። በሩ አጠገብ የነበሩት ቆብ ያደረጉ የጨርቅ ነጋዴ «መታወቂያዬ መስከረም አንድ ይላል» አሉ።

«የእኔም ጥር አንድ ነው!» አለች ጎመን የታቀፈች ሴት።

«አለቀ! ሁለቱም በአንድ!» ብዬ ጮህኩ።

እህቴ ግን ጨርቅ ሻጭ ሜትር ሲያጎድልባት በምታይበት ዓይን ነጋዴውን አየቻቸው። «አባባ፣ መታወቂያውን ተዉት። እናትዎ ምን አሉዎት?»

«እናቴማ ዝናብ ሲጥል ነው ያለችኝ። የቀበሌው ጸሐፊ ቀኑን ሲጠይቀኝ አላውቅም አልኩት፤ አንድ ብሎ ጻፈ።»

«አንቺስ?»

«እኔም እንደሳቸው ነኝ» አለች ባለጎመኗ፣ እየሳቀች።

«እንግዲያው ቀበሌ የወለደው አይቆጠርም!»

ታክሲው በሳቅ ፈነዳ። ሹፌሩ ሳይቀር ዞሮ «እውነቷን ነው!» አለኝ። ልከራከር አልቻልኩም፤ ልክ ናት። ቀኑን የማያውቀውን ሁሉ በአንድ ቀን የሚወልድ ጸሐፊ ባለበት አገር እንዲህ ያለ ውርርድ ማሸነፍ ማጭበርበር ነው። ሁለቱ ወጡ። የቀሩት አራት ሰዎች ሠላሳ፣ አሥራ ሰባት፣ አምስት፣ አሥራ አንድ አሉ። አንድም የሚገጥም የለም። መንገዱ ተከፈተ፣ ታክሲው ፈጠነ፣ እኔም ላብ ያጠምቀኝ ጀመር። ከመቶ ስምንት የነበረችው የመሸነፍ ዕድል፣ ሁለቱ ሲወጡ አሥራ ስምንት ሆና መጥታ ጭኔ ላይ የተቀመጠች መሰለኝ። ለእኔ ውርርድ ነው፤ ለእሷ ግን የሦስት ዓመት ድካም በአንድ ፊርማ ሊሰረዝ ነው።

«ወራጅ አለ!» አለች እህቴ፣ በድል አድራጊ ድምፅ።

ይኼኔ የማርያሟ እናት ዞር አሉ። «ልጄ፣ አንቺስ?»

«እኔ ምን?»

«በስንት ተወለድሽ?»

 እኔ ደነገጥኩ። አሥራ ሁለት ብዬ አስልቼ፣ እሷንና እኔን ረስቼ አሥሩ ብቻ ሲጠየቁ ቁጭ ብዬ ሰማሁ። ስንፍና እንዲህ ነው። ይባስ ብሎ የገዛ እህቴ የተወለደችበት ቀን ጠፋኝ። ልትዋሽ ትችል ነበር። «አሥራ ሦስት» ብትል ማን ያውቃል?

«ሃያ ሦስት» አለች ቀስ ብላ።

«እህቴ!» ብሎ የጋራዡ ሰውዬ ከመቀመጫው ዘለለ። ነጋዴው አጨበጨቡ። ቀበሌ የወለዳቸው ሁለቱም ተጨባበጡ።

ወርደን ጥግ ላይ ያለች ጁስ ቤት ተቀመጥን። ተናዳ ነበር። «ከመጀመሪያው ታውቅ ነበር። አሳየኝ» አለች። የልብስ ልኬት ከምትጽፍበት ደብተር ገጽ ቀደደችልኝ። ሁለተኛው ሰው ከመጀመሪያው ጋር እንዳይገጥም ከሠላሳው ቀን ሃያ ዘጠኙ ክፍት ነው አልኳት። ሦስተኛው ሃያ ስምንት ይቀረዋል፤ አራተኛው ሃያ ሰባት። እያንዳንዱን ለሠላሳ እያካፈልሽ አባዢው፤ የሚወጣው ማንም ከማንም የማይገጥምበት ዕድል ነው። ስልኳን አውጥታ ማባዛት ጀመረች። ሰባተኛው ሰው ላይ ስትደርስ ቀና አለች።

«ከግማሽ ወረደ! በሰባት ሰው?»

«በሰባት ሰው።»

እርሳሷን አነሳች። «ለካ እኔ አሥራ ሁለት ሰው ብቻ ነበር የቆጠርኩት። የሚገጥመው ግን እያንዳንዱ ከእያንዳንዱ ጋር ነው። እኔ ከአሥራ አንዱ ጋር፣ አንተም ከአሥራ አንዱ ጋር… አሥራ ሁለት ጊዜ አሥራ አንድ። ቆይ፣ እኔን ከአንተ፣ አንተን ከእኔ ብዬ ሁለቴ ቆጠርኩ። ለሁለት ይካፈል። ስልሳ ስድስት!» እርሳሷ እጇ ላይ ቆመ። «ይሄ እኮ ፈተናው ላይ ነበር! ‘አሥራ ሁለት ሰዎች እርስ በርስ ቢጨባበጡ’ ይላል። መቶ አርባ አራት ብዬ ጻፍኩ። ከራሱ ጋር የሚጨባበጥ ሰው የት አለና!»

እንዲህ ስትስቅ ካየኋት ቆይቻለሁ። ሰዓቷን አይታ ተነሳች።

«የት ነው?»

«ክፍል ነዋ። ተጀምሯል» ብላ ጁሷን ሳትጨርስ ሄደች።

ከሰዓት በኋላ ደወለች። በእረፍት ሰዓት አርባውንም የክፍሏን ተማሪዎች ጠይቃለች። ቀበሌ የወለዳቸውን ለብቻ አስቀምጣ እንኳ የሚገጥመው ብዛት ጉድ ነው አለችኝ።

«የወሩ ቀን ሠላሳ ነው» አልኳት። «ሠላሳ አንድ ሰው ካለ ሁለቱ መግጠማቸው አይቀርም። መጠየቅ እንኳ አያስፈልግሽም።»

«አውቃለሁ» አለች። «መጠየቁ ግን ደስ ይላል።»

ሒሳብ የሰነፎች ነው ያልኩትን እዚህ ላይ ለማረም ተገድጃለሁ። እናንተም አንድ ነገር አርሙልኝ፤ ሰባት ሰው ሳትጠይቁ «ሒሳብ ለእኔ አልተፈጠረም» አትበሉ።